አዳራሹ ተይዟል፣ ቤተክርስቲያኑ ግን ገና ነው

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ካቶሊክ ነኝ። ተወልጄ የተጠመቅኩት አዲስ አበባ ነው፤ አሁን የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ዜግነቴም አሜሪካዊ ነው። እጮኛዬ ኦርቶዶክስ ነው፣ አዲስ አበባ ይኖራል። ሠርጋችንን አዲስ አበባ ለማድረግ ወስነን ለቅዳሜ ሚያዝያ 9 ቀን 2019 አዳራሽ ይዘናል፣ ቀብድም ከፍለናል። ፋሲካ ካለፈ ሦስት ሳምንት ስለሚሆነው ጥሩ ጊዜ ነው ብለን ነው። የቀረን ቤተክርስቲያንና ካህን መያዝ ብቻ ነው። አጎቴ ካህን ናቸው፣ ሶዶ አካባቢ ያገለግላሉ፤ እሳቸው እንዲያጋቡን እንፈልጋለን። ቢቻል ሆቴሉ ግቢ ውስጥ፣ ካልሆነም ቤተክርስቲያን። የእጮኛዬ እናት ደግሞ የኦርቶዶክስ ካህንም አብሮ ይባርካችሁ ይላሉ። ስንት ይከፈላል? እሱ እንደገና መጠመቅ አለበት? እኔ እዚህ ላቲን ቤተክርስቲያን ስለማስቀድስ ላቲን ሆኛለሁ፣ ችግር ይኖረዋል? ለእሱ የእጮኛ ቪዛ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ጓደኛዬ ደግሞ አዲስ አበባ ካልተሳካ እሱ ሲመጣ እዚህ ዲያቆን ያጋባችኋል ብላኛለች።»

ከቀኑ ልጀምር። ሚያዝያ 9 ቀን 2019 ፋሲካ ያለፈበት ጊዜ አይደለም። ዐቢይ ጾም ነው፤ ያውም የኒቆዲሞስ ዋዜማ። አንቺ ያየሽው የአሜሪካውን ቤተክርስቲያን ካላንደር ነው። በእነሱ አቆጣጠር የ2027 ፋሲካ ማርች 28 ይውላል፤ ስለዚህ ኤፕሪል 17 ሦስት ሳምንት ያለፈው ይመስላል። እኛ ሀገር ግን ካቶሊኩም ፋሲካን የሚያከብረው ከኦርቶዶክሱ ጋር በአንድ ቀን ነው። የ2019 ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው። ጾሙ የካቲት 29 ይገባል። በሚያዝያ ወር ቅዳሜ ቀን አዳራሽ ያለ ግፊያ ያገኛችሁት በዚሁ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

የላቲኑ፣ ማለትም የሮማን ሥርዓት የሚከተለው ካቶሊክ፣ ሕግ በጾም ወቅት ጋብቻን አይከለክልም። ስለዚህ ሜሪላንድ ያለው ቆሞስሽ (የአጥቢያሽ ኃላፊ ካህን) «ችግር የለውም» ቢልሽ ከእሱ አንጻር ልክ ነው። አዲስ አበባ ግን በሁዳዴ የሠርግ ሥርዓት አይደረግም፤ አድርጉልኝ ብለሽ ብትለምኚም ቆሞሱ አይቀበልሽም ብለሽ ብትነሺ ይሻላል። ቢቀበልሽ እንኳ የእጮኛሽ ዘመዶች ጾመኞች ናቸው። ሥጋና ቅቤ የማይበላበት፣ ብዙ ሽማግሌዎችና እናቶች የሚቀሩበት ሠርግ ይሆናል። ያንን ለአማትሽ ማስረዳት አትፈልጊም። ቀኑ ይቀየር። ዛሬውኑ አዳራሹን አነጋግሩና ቀብዱን ወደ ሌላ ቀን አዛውሩ፤ ወራት ሲቀሩት ማዛወርና ሳምንታት ሲቀሩት ማዛወር አንድ አይደለም።

ወዴት ይቀየር? በ2019 ፋሲካ ስለሚዘገይ የሚያዝያ ሠርጎች በሙሉ ወደ ግንቦት ይገፋሉ። ከፋሲካ በኋላ ያለችው የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ሚያዝያ 30 ናት፤ እሷን ሁሉም ይሻማባታል። ግንቦት 14 ወይም ግንቦት 21 ቅዳሜዎች ናቸው፣ ትንሽ ይተነፍሳሉ። ከጰራቅሊጦስ በኋላ፣ ከሰኔ 14 ጀምሮ ማለት ነው፣ የሐዋርያት ጾም ስለሚገባ እሱን ለእጮኛሽ ቤተሰብ ስትይ አትንኪው። ሌላው አማራጭ ጥር ነው። ከጥምቀት በኋላ እስከ ነነዌ ጾም ድረስ ሰፊ ጊዜ አለ። ለጥር ግን ወረቀትሽ አሁን መጀመር አለበት፤ ለምን እንደሆነ ከታች ታዪዋለሽ።

ሁለተኛው ስህተት ቅደም ተከተሉ ነው። «የቀረን ቤተክርስቲያንና ካህን መያዝ ብቻ ነው» ብለሻል። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው። አዳራሽ፣ ዲኮር፣ ቪዲዮ፣ መኪና፣ ከዚያ ካህን። ነገር ግን ቤተክርስቲያን ቀን ብቻ አይደለም የምትሰጥሽ። መጀመሪያ ለማግባት ነፃ መሆናችሁን ታጣራለች፣ ታስተምራለች፣ ፈቃድ የሚያስፈልገው ነገር ካለ ፈቃዱን ከሀገረ ስብከት ታመጣለች፣ ከዚያ በኋላ ነው ቀኑ የሚጸናው። የአንድ ቁምስና (የካቶሊክ አጥቢያ) ጸሐፊ በስልክ «አዎ፣ ያ ቀን ክፍት ነው» ቢልሽ ቀኑ ተይዟል ማለት አይደለም። ያ ሰዓት በሌላ ሠርግ አልተያዘም ማለት ብቻ ነው። ፋይሉ ካልተሟላ የጥሪ ካርዱ ታትሞ ተበትኖም ቢሆን ቆሞሱ ማጋባት አይችልም፤ ይህን ደግሞ ክፋት አድርገሽ አትውሰጂው፣ ሥልጣኑ ስለማይፈቅድለት ነው።

አሁን ወደ አጎትሽ። እሳቸው ካህን ስለሆኑ ብቻ የትም ቦታ ማጋባት አይችሉም። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይሳሳታል። ቅዳሴ ከሆነ እንግዳ ካህን መጥቶ ሊቀድስ ይችላል። ጋብቻ ግን የተለየ ነው። ሕጉ እንደሚለው የሚባርከው ካህን የቦታው ጳጳስ ወይም የቦታው ቆሞስ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ከእነሱ ከአንዱ ሥልጣን የተሰጠው መሆን አለበት፤ ቢያንስ ሁለት ምስክሮችም ሊኖሩ ይገባል። ይህ የምሥራቁም (የእኛ የግእዝ ሥርዓት ያለበት) የላቲኑም ሕግ ነው። አጎትሽ የሚያገለግሉት ሶዶ ከሆነ በአዲስ አበባ ሀገረ ስብከት ክልል ውስጥ በራሳቸው ሥልጣን ማጋባት አይችሉም። ሥርዓቱ የሚፈጸምበት ቁምስና ቆሞስ በስማቸው፣ ለእናንተ ጋብቻ ተብሎ፣ በጽሑፍ ውክልና ሊሰጣቸው ይገባል። ያ ውክልና ከሌለ ሥርዓቱ ምንም ያህል ቢያምር የቤተክርስቲያን ሕግ የተጣሰበት ይሆናል። ከባድ ነገር ነው። ደግነቱ ቆሞሶች ለዘመድ ካህን ውክልናውን አብዛኛውን ጊዜ በደስታ ይሰጣሉ። የሚያስቀይማቸው ሳይጠየቁ ሲቀሩና ሠርጉ ቀን «አባ እገሌ ነው የሚያጋባን» ሲባሉ ነው። አጎትሽ ራሳቸው ለቆሞሱ ቢደውሉ ከሁሉ ይሻላል። በየትኛው ሥርዓት እንደሚመሩም እዚያው ይነጋገሩ፤ ሶዶ የላቲን ሥርዓት ነው፣ የአዲስ አበባ ሀገረ ስብከት ደግሞ የግእዝ።

ይህ ወደ አንቺ ሥርዓት ያመጣናል። ሜሪላንድ ላቲን ቤተክርስቲያን ስላስቀደስሽ ላቲን አልሆንሽም። አሥር ዓመት ብታስቀድሺ፣ ሃያ ዓመት ብትቆርቢ ሥርዓትሽ አይቀየርም። ሥርዓት ከወላጆችሽ ጋር፣ በተለይም ከአባትሽ ጋር፣ የሚመጣ ነገር ነው፤ ለመቀየር በጽሑፍ የሚሰጥ ፈቃድ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ አዲስ አበባ፣ ዓዲግራት፣ እምድብርና ባሕር ዳር ደሴ የግእዝ ሥርዓት ናቸው። ሶዶ፣ ሆሳዕና፣ ሐዋሳ፣ መቂ፣ ሐረር፣ ነቀምቴ፣ ጅማ ቦንጋና ጋምቤላ ላቲን ናቸው። አባትሽ የሶዶ አካባቢ ልጅ ከሆኑና ቤተሰቡ ከጥንት ላቲን ከሆነ፣ አንቺም አዲስ አበባ በግእዝ ቁምስና ብትጠመቂ እንኳ ላቲን ልትሆኚ ትችያለሽ። ያ ግን በሜሪላንድ ምክንያት አይደለም። ወላጆችሽን ጠይቂ፣ ለቆሞሱም የምታውቂውን በግልጽ ንገሪው፤ ማን ሊያጋባሽ እንደሚችል የሚወሰነው በከፊል በዚህ ነው። ለማግባት እንቅፋት አይሆንም፣ በፋይሉ ላይ በትክክል መጻፍ ግን አለበት።

ጓደኛሽ ያለችው የዲያቆን ነገር ግን አይሆንም። በአሜሪካ ላቲን ቤተክርስቲያን ዲያቆን ላቲኖችን ማጋባት ይችላል፣ ስታይውም ኖረሻል። የአንቺ እጮኛ ግን የምሥራቅ ክርስቲያን ነው። በምሥራቅ ሥርዓት የካህን ቡራኬ ለጋብቻው መጽናት ግድ ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በ2016 የምሥራቁንና የላቲኑን የቤተክርስቲያን ሕግ መጻሕፍት ለማስማማት ባወጡት ደንብ ይህ በላቲኑም ሕግ ውስጥ በግልጽ ገብቷል፤ ከተጋቢዎቹ አንዱ የምሥራቅ ከሆነ፣ ካቶሊክም ይሁን ኦርቶዶክስ፣ የሚያጋባው ካህን ብቻ ነው። ይህን የማያውቁ ቁምስናዎች አሜሪካ ውስጥ አሉ፣ በቅንነት ነው የሚሳሳቱት። ስለዚህ እዚያ ለማግባት ብትወስኑ ካህን ጠይቁ፤ አንቺ የግእዝ ሥርዓት ከሆንሽ ደግሞ የላቲኑ ቆሞስ ሥልጣን እንዳለው ከሀገረ ስብከቱ ጽሕፈት ቤት እንዲያረጋግጥ አድርጉ። ዋሽንግተን ላይ የግእዝ ሥርዓት ካቶሊክ ማኅበረሰብ አለ፤ ከሜሪላንድ ቅርብ ነው፣ እነሱን ማማከር ብዙ ድካም ይቀንስልሻል።

እጮኛሽ መጠመቅ የለበትም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ጥምቀት በካቶሊክ ቤተክርስቲያን ሙሉ በሙሉ የታወቀ ነው፤ ጥምቀት ደግሞ አይደገምም። ካቶሊክ እንዲሆንም አይገደድም። የሚያስፈልገው የቅይጥ ጋብቻ ፈቃድ ነው። ካቶሊክና ሌላ የተጠመቀ ክርስቲያን ሲጋቡ ከሀገረ ስብከቱ ሥልጣን ያለው አካል አስቀድሞ መፍቀድ አለበት። ማመልከቻውን አንቺ ለጳጳሱ ይዘሽ አትሄጂም፣ ፋይሉን የሚያዘጋጀው ቆሞስ ያቀርበዋል። ፈቃዱ እንዲሰጥ አንቺ ሁለት ነገር ታረጋግጫለሽ። እምነትሽን ለመጠበቅ ዝግጁ መሆንሽን፣ ልጆቻችሁም በካቶሊክ ቤተክርስቲያን እንዲጠመቁና እንዲያድጉ የተቻለሽን ሁሉ ለማድረግ ከልብ ቃል መግባትሽን። ቃል የምትገቢው አንቺ ነሽ፣ እሱ አይደለም። እሱ ግን አንቺ ምን ቃል እንደገባሽ በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። ይህን ቃል ብዙዎች እንደ ፎርማሊቲ ፈርመው ያልፉታል። ጭቅጭቁ የሚመጣው ሠርጉ ላይ አይደለም፣ ልጅ ሲወለድ ነው። ወንድ ከሆነ አርባኛው ቀን፣ ሴት ከሆነች ሰማንያኛው ቀን ሲደርስ የእሱ እናት የክርስትናውን ድግስ ማሰናዳት ይጀምራሉ። የእናንተ ቤት ደግሞ ሌላ ይጠብቃል። ያን ቀን ከአራስ ቤት ሆነሽ እንድትከራከሪ አልፈልግም። አሁን ተነጋገሩ፤ ሁለታችሁ መጀመሪያ፣ ከዚያ እሱ ለእናቱ ይንገራቸው። ከአንቺ አፍ ሳይሆን ከልጃቸው አፍ ይስሙት። መልሱ ያማል ብሎ ዝም ማለት የሚቀጥለውን ዓመት ብቻ ነው የሚያከብደው።

አሁን አማትሽ የጠየቁት የሁለት ካህናት ቡራኬ። ልባቸውን እረዳለሁ፤ ልጃቸው ከቤተክርስቲያናቸው ውጭ ሲያገባ ባዶ እጃቸውን የሚቀሩ ይመስላቸዋል። ግን ሁለቱም ሥርዓት አብሮ አይሄድም። የካቶሊክ ሕግ በአንድ ጋብቻ ላይ ሌላ ሃይማኖታዊ ሥርዓት በፊትም በኋላም ተደርጎ የጋብቻ ፈቃድ ቃል እንዲሰጥ ወይም እንዲታደስ አይፈቅድም። ሁለት ካህናት ጎን ለጎን ቆመው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሥርዓት እንዲፈጽሙም አይፈቅድም። በኦርቶዶክሱ በኩልም መንገዱ ዝግ ነው። ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተክርስቲያን ለካቶሊክ ወገን ተክሊል አትፈጽምም፤ እዚያ ለማግባት አንቺ በእሷ መጠመቅ ይጠበቅብሻል። ያንን ማድረግ ከካቶሊክ ቤተክርስቲያን መውጣት ነው፣ ስለዚህ «ለሥርዓቱ ያህል ብቻ» ተብሎ የሚደረግ ነገር አይደለም። እንዲህ የሚመክርሽ ካለ አትስሚው። ለእናትየው የሚሆን ቦታ ግን አለ። በሥርዓቱ ላይ ከፊት ይቀመጡ፣ ከቤት ስትወጡ እሳቸው ይመርቁ፣ መልሱ ላይ የቤተሰቡ የንስሐ አባት መጥተው ቤተሰቡን ይመርቁ። የጋብቻ ቃል ሳይደገም ምርቃት መቀበል የተከለከለ አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ ካቶሊክ ሆነው ኦርቶዶክስ የትዳር ጓደኛቸውን ቀደም ብለው በኦርቶዶክስ ካህን ተባርከው ያገቡ አንባቢዎች «ጋብቻችን ባዶ ነው ወይ?» ብለው ይጨነቃሉ። አይደለም። ሁለቱም ለማግባት ነፃ ከነበሩ፣ ያለ ፈቃድ መደረጉ ሕግ መጣስ ቢሆንም የካህን ቡራኬ ስላለ ጋብቻው የጸና ነው። ቆሞሳችሁን አነጋግሩ፣ ይስተካከላል። በማዘጋጃ ቤት ወይም በወረዳ ብቻ የተፈረመ የካቶሊክ ጋብቻ ግን በቤተክርስቲያን ፊት አይቆጠርም።

ሌላ ሰዎች አፍረው የማይጠይቁት ነገር አለ። በኦርቶዶክሱ ልማድ ተክሊል ለደናግል ስለሆነ፣ ካቶሊክ ዘንድም ያው ነው ብለው ፈርተው ወደ ቆሞስ የማይቀርቡ አሉ። ካቶሊክ ዘንድ ምሥጢረ ጋብቻን ለመቀበል የሚጠየቀው ለማግባት ነፃ መሆን ነው። ንስሐ ግቡ፣ ቅረቡ። በእርግጥ የሚያግደው የቀደመ ጋብቻ ነው። ከእናንተ አንዱ ከዚህ በፊት አግብቶ ከሆነ፣ በፍርድ ቤት ቢፋታም፣ ለኦርቶዶክሱ ወገን በራሱ ቤተክርስቲያን ቢፈታለትም እንኳ፣ የካቶሊክ ቤተክርስቲያን ፍርድ ቤት ያንን ጋብቻ ሳያይ ወደፊት መሄድ አይቻልም። ይህ ከሆነ አሁኑኑ ተናገሩ፤ ጊዜ ይወስዳል፣ መልሱም ሁልጊዜ የምትፈልጉት አይሆንም። ደብቆ ማለፍ የሚቻል የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ ስሙ በቤተክርስቲያን ሲነገር ግን የሚያውቅ ይመጣል።

የሆቴሉን ግቢ እርሺው። ጋብቻ የሚፈጸመው በቁምስና ቤተክርስቲያን ነው፤ በሌላ ቅዱስ ስፍራ፣ ለምሳሌ በገዳም ጸሎት ቤት፣ በፈቃድ ይቻላል። ከዚያ ውጭ ያለ ቦታ የጳጳሱን ፈቃድ ይጠይቃል። አትክልቱ ለፎቶ ያምራል ተብሎ አይሰጥም። ፎቶውን ከሥርዓቱ በኋላ እዚያ ተነሡ።

ቅዳሴ ይኑር አይኑር የሚለውም መወሰን አለበት። እኔ ለእናንተ ያለ ቅዳሴ፣ በቃለ እግዚአብሔር ንባብና በጋብቻው ሥርዓት ብቻ እንዲሆን እመክራለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በቅዳሴ ከሆነ አንቺ ትቆርቢያለሽ፣ እሱ ግን የራሱ ቤተክርስቲያን ስለማትፈቅድለት አጠገብሽ ቆሞ ይቀራል፤ ግማሹ እንግዳም እንደዚያው። የአንድነታችሁ ቀን በቁርባን መለያየት አይጀመር። አንቺ በዋዜማው ንስሐ ገብተሽ በጠዋት ቅዳሴ መቁረብ ትችያለሽ። ጋብቻው ያለ ቅዳሴም ምሥጢር ነው፣ ምንም አይጎድለውም።

ወደ ወረቀቱ እንግባ፤ ብዙው ሠርግ የሚዘገየው እዚህ ነው። ካቶሊኳ ወገን አዲስ የጥምቀት ማስረጃ ያስፈልግሻል። ድሮ እናትሽ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጡት አይደለም፤ ብዙ ቁምስናዎች ከስድስት ወር ወዲህ የወጣ ይፈልጋሉ። ምክንያቱም ጋብቻ ሲፈጸም በጥምቀት መዝገብሽ ላይ ይጻፋል፤ አዲሱ ማስረጃ ከዚህ በፊት እንዳላገባሽ ያሳያል። የተጠመቅሽበት ቁምስና አዲስ አበባ ስለሆነ ዘመድ ልከሽ ማስወጣት ትችያለሽ። መዝገቡ ላይ ያለሽው በክርስትና ስምሽና በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ፓስፖርትሽ ላይ ደግሞ የአያትሽ ስም እንደ ቤተሰብ ስም ገብቶ፣ ስምሽም በእንግሊዝኛ ሌላ አጻጻፍ ይዞ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ቆሞሱ እንዲያውቀው አሁን አስተካክሉት። በኋላ የጋብቻ ማስረጃው ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ በአንድ ፊደል ከተለየ ለቪዛ ጣጣ ነው።

እጮኛሽ ከተጠመቀበት ደብር የጥምቀት ማስረጃ ያምጣ። ደብሩ መዝገብ ከሌለው የክርስትና አባቱ ወይም ወላጆቹ ቀርበው መመስከር ይችላሉ። ያላገባ ማስረጃ ከወረዳው ያወጣል። አንቺም ያላገባሽ መሆንሽን የሚያሳይ ሰነድ ከአሜሪካ ያስፈልግሻል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ተቀባይነት እንዲኖረው መረጋገጥ ስላለበት እዚያ ሆነሽ ጨርሺው፣ አዲስ አበባ ከገባሽ በኋላ አይሆንም።

የጋብቻ ዝግጅት ትምህርቱ አለ። አንቺ ሜሪላንድ፣ እሱ አዲስ አበባ ስለሆናችሁ ሁለታችሁም አብራችሁ መከታተል አትችሉም። መፍትሔው አንቺ እዚያው ቁምስናሽ ትምህርቱንና የቃል ጥያቄውን ጨርሰሽ ፋይልሽ እንዲላክ ማድረግ፣ እሱ አዲስ አበባ በሚጋባበት ቁምስና መማር ነው። ከሠርጉ በፊት ደግሞ ቢያንስ ጥቂት ጊዜ ከቆሞሱ ጋር አብራችሁ ተቀመጡ። የአሜሪካ ፋይል በእጅ አይመጣም። ከቁምስናሽ ወደ ሀገረ ስብከትሽ ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ሀገረ ስብከት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ወደ ቆሞሱ ይሄዳል። በአሜሪካ ብዙ ቁምስናዎች ስድስት ወርና ከዚያ በላይ አስቀድመሽ እንድታሳውቂ የሚጠይቁት ለዚህ ነው። እዚህ ደግሞ ስማችሁ በእሑድ ቅዳሴ ላይ በተደጋጋሚ ይነገራል፤ እንቅፋት የሚያውቅ ካለ እንዲናገር። ይህ ሁሉ ሲደመር ለጥር ጠባብ፣ ለግንቦት ምቹ ነው ያልኩሽ ለዚህ ነው።

ስንት ይከፈላል? ምሥጢር አይሸጥም፤ የሚከፈል ነገር ግን አለ። ቁምስናው ለቤተክርስቲያኑ አገልግሎት፣ ለጽዳት፣ ለመብራትና ድምፅ፣ ለመዘምራን የሚጠይቀው ይኖራል፤ ከቁምስና ቁምስና ስለሚለያይ ቢሮውን ጠይቂና በደረሰኝ ክፈዪ። ለአጎትሽ የምትሰጡት ስጦታ የራሳችሁ ነገር ነው። «ካህን አገኝላችኋለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ወይም የሠርግ አዘጋጅ ካጋጠማችሁ አትክፈሉ። ካህን በደላላ አይያዝም፤ እንዲህ የመጣ ሰው ውክልናም አይኖረውም።

ቁምስናውን ስትመርጡ የእጮኛሽን ቤትና የአዳራሹን መንገድ አስቡ። ልደታ ማርያም ካቴድራል ትልቅና ቆንጆ ነው፣ ግን ካቴድራል ስለሆነ የሀገረ ስብከቱ መርሐ ግብሮች ይቀድማሉ፤ ቀኑን አስቀድማችሁ በጽሑፍ አረጋግጡ። በአንድ ቅዳሜ ሁለት ሦስት ሠርግ ሊኖር ስለሚችል ሰዓት ማክበር የግድ ነው። ሙሽራ ከቤት እስክትወጣ በጭፈራ አንድ ሰዓት ማለፉ እኛ ጋ የተለመደ ነው፤ ቤተክርስቲያን ግን ቀጣዮቹ ሙሽሮች በር ላይ ይቆማሉ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከተያዘ ለቤተሰቡ 3 ሰዓት ተኩል በሉ። አዳራሹን ደግሞ ከ7 ሰዓት በፊት አታድርጉት። ቪዲዮ አንሺዎቹ ከመሠዊያው አካባቢ መቆም እንደማይችሉ፣ ድሮን ውስጥ እንደማይነሣ፣ መዝሙር ብቻ እንጂ የሠርግ ዘፈን እንደማይከፈት አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ዲኮሩንም ቆሞሱ ሳያየው አትጨርሱ።

አሁን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ቪዛው ነው። የእጮኛ ቪዛ የሚሰጠው ላላገባ ሰው ነው፤ እሱ አሜሪካ ገብቶ በ90 ቀን ውስጥ እንድትጋቡ። አንቺ ግን ከዚያ በፊት አዲስ አበባ በቤተክርስቲያን ልታገቢ አስበሻል። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። አንዳንዱ ሰው «የቤተክርስቲያን ብቻ ነው፣ ወረዳ ካላስመዘገብን አይቆጠርም» ይላል። ስህተት ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ከተፈጸመው እኩል ጋብቻ ነው። ምዝገባው ማስረጃ ነው እንጂ ጋብቻውን የሚፈጥረው እሱ አይደለም። ቆንስላው የሠርግ ፎቶ ቢያይ፣ ወይም እጮኛሽ ተጠይቆ ቢዋሽ፣ ጉዳቱ ለዓመታት ይከተላችኋል። ስለዚህ ምረጡ። ወይ የእጮኛውን ማመልከቻ ትታችሁ አዲስ አበባ አግብታችሁ በትዳር ጓደኛ ማመልከቻ እንደገና ጀምሩ፣ ወይ ቪዛውን ጠብቃችሁ ሜሪላንድ በካህን ተጋቡና አዲስ አበባ በኋላ ድግስ አድርጉ። እኔ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አይደለሁም፤ ምርጫውን ከመወሰናችሁ በፊት ከአንዱ ጋር ተቀመጡ። አዲስ አበባ ካገባችሁ ግን ከቤተክርስቲያኑ የተሰጣችሁን ማስረጃ ይዛችሁ በ30 ቀን ውስጥ ወረዳ ላይ አስመዝግቡ፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 የሚጠይቀው ነው፣ ለትዳር ጓደኛ ማመልከቻውም የሚፈለገው ያ ሰርተፍኬት ነው።

ምክሬ ይኸው። አዲስ አበባ አግቡ፤ ቤተሰባችሁ፣ የጥምቀት መዝገብሽና አጎትሽ እዚህ ናቸው። ቀኑን ወደ ግንቦት 14 ወይም 21 ቀን 2019 አዛውሩ። በዚህ ሳምንት ጠበቃ አነጋግሪ፣ ሜሪላንድ ላለው ቆሞስሽም «ካቶሊክ ነኝ፣ ኦርቶዶክስ ላገባ ነው፣ አዲስ አበባ ነው የማገባው» ብለሽ ፋይል አስከፍቺ። እጮኛሽ ደግሞ ለሥርዓቱ የመረጣችሁት ቁምስና ቢሮ በአካል ይሂድ፣ አጎትሽም ለቆሞሱ ይደውሉ። ሦስት ወረቀት እስክታዪ ጠብቂ፦ የቅይጥ ጋብቻ ፈቃዱን፣ ለአጎትሽ የተሰጠውን የጽሑፍ ውክልና፣ ቁምስናው ቀኑንና ሰዓቱን ያጸናበትን። እነዚህ በእጃችሁ ሳይገቡ የጥሪ ካርድ አታሳትሙ።